የሞዴል አውሮፕላን ሚዛንና የቤተ ሙከራችን ሐቀኝነት

በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ፔንዱለም ያላወዛወዘ የሳይንስ ተማሪ ይገኛል ብለን አናስብም። ክሩ ይለካል፣ ውዝዋዜው ይቆጠራል፣ በመጨረሻም የግስበት ፍጥንጥነት ይሰላል። ሪፖርቶቹን የምናርም መምህራን በየዓመቱ የምናስተውለው ግን አንድ እንግዳ ነገር አለ፤ ይኸውም አብዛኛው ቡድን 9.8 ማግኘቱ ነው። ክሩ በትክክል ባይለካም፣ የሰዓቱ ቁልፍ ዘግይቶ ቢጫንም፣ ቆጠራው በመካከል ቢምታታም መልሱ ያው 9.8 ነው። መልሱ አስቀድሞ ከመጽሐፍ ስለሚታወቅ ቁጥሮቹ ወደ ኋላ እየተሰሉ ይሞላሉ። ለዚህ ተማሪውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ በሐቅ ለክቶ 9.4 ላመጣው ዝቅተኛ ማርክ፣ ሳይለካ 9.8 ለጻፈው ከፍተኛ ማርክ የሰጠነው እኛው ራሳችን ነንና።

በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ማስመሰል የማይቀበል አንድ መሣሪያ ለአንባቢያን ለማስተዋወቅ እንወዳለን። እርሱም በሬዲዮ የሚመራ፣ በአየር ላይ የሚገለባበጥና የሚሽከረከር የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላን ነው። አቋማችን በአጭሩ ሲገለጽ፣ እንዲህ ያለውን ሞዴል አስተካክሎ መገጣጠምና ሚዛኑን መጠበቅ የመካኒክስ ቤተ ሙከራ አካል ሊሆን ይገባዋል የሚል ነው።

«ይህ የልጆች መጫወቻ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። እንግሊዛዊው ሰር ጆርጅ ኬይሊ እ.ኤ.አ. በ1804 የሠራው ሞዴል ግላይደር በአንድ ቀጭን እንጨት ላይ የታሰረ ክንፍ፣ አቅጣጫው የሚስተካከል ጅራትና ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስ ክብደት ነበረው። ያ ተንቀሳቃሽ ክብደት የግስበት ማዕከልን ለመፈለግ የገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚሽከረከር ፕሮፔለር ያለው ሞዴል በፓሪስ ለ11 ሰከንድ ያህል አብርሮ አሳየ። ሞዴሉ ያለ ምንም መሪ ራሱን አረጋግቶ በረረ፤ ሰው የሚጭን አውሮፕላን ሊመጣ ገና ከ30 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። እንግዲህ ሞዴሉ የአውሮፕላኑ ልጅ ሳይሆን አባቱ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ለምሳሌ ያህል፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 150 ሴንቲ ሜትር፣ የክንፉ ወርድ ደግሞ ከግንባሩ እስከ ኋላ ጠርዙ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከነባትሪው 2200 ግራም የሆነ ሞዴል እንውሰድ። (የፊዚክስ መምህር ሆነን ክብደትን በግራም መናገራችን ይቅር ይባልልን፤ በዚህ ሥራ ያለው ልማድ ይኸው ነው።) ሞዴሉ ለበረራ ሙሉ በሙሉ ተዘጋጅቶ፣ ባትሪውና ፕሮፔለሩ ገብቶ፣ ክንፉ ሥር በግራና በቀኝ በሁለት ጣቶች ይነሳል። አፍንጫው ካዘቀዘቀ ጣቶቹ ወደ ፊት፣ ጅራቱ ከወረደ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ሞዴሉ አግድም ሲቆም ጣቶቹ ያሉበት መስመር የግስበት ማዕከሉ ያለበት ነው። በሥሌት የሚገኘውን የግስበት ማዕከል በፈተና ላይ ያለ ስህተት የሚያሰላ ተማሪ፣ ይህን በጣቱ እንዲያገኝ ሲጠየቅ ሲደናገር አይተናል።

ማዕከሉ የት መሆን አለበት? ለጀማሪ በሚሠራ ሞዴል ላይ ከክንፉ ግንባር የወርዱን ሩብ ያህል ወደ ኋላ፣ ማለትም በእኛ ምሳሌ 7.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን መልካም ነው። ለአክሮባት ግን ወደ አንድ ሦስተኛው፣ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይገፋል። ቁጥሩ እንደየሞዴሉ ቅርጽ ይለያያል፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው። ድንገተኛ ነፋስ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ ቢያነሳው፣ በክንፉና በጅራቱ ላይ የሚጨመረው የማንሳት ጉልበት በአንድ በተወሰነ ነጥብ ላይ እንዳረፈ ሆኖ ይሠራል፤ ይህን ነጥብ ገለልተኛ ነጥብ እንበለው። የግስበት ማዕከሉ ከዚህ ነጥብ ፊት ከሆነ ተጨማሪው ጉልበት ጅራቱን አንስቶ አፍንጫውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ኋላ ከሆነ አፍንጫውን ይብስ ያነሳዋል። ሁለቱ በአንድ ቦታ ከተገናኙ አውሮፕላኑ መመለስም መባባስም ሳይሻ ባለበት ይቆያል። ራይት ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1903 ያበረሩት አውሮፕላን የግስበት ማዕከሉ ከኋላ ነበር፤ በዚያ ታሪካዊ የ12 ሰከንድ በረራም ኦርቪል አፍንጫው ሲነሳና ሲወርድ እየተከተለ በማረም ነው የዘለቀው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች በቀላሉ የሚሳሳቱበት ጉዳይ አለ። መረጋጋት ጥሩ ከሆነ፣ ብዙ መረጋጋት የበለጠ ጥሩ ይሆናል ብለው ያስባሉ። አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን እርግጥ የተረጋጋ ነው፤ ነገር ግን አፍንጫውን ደግፎ ለመያዝ በጅራቱ ላይ ያለው ኤሌቬተር ዘወትር በትንሹ ወደ ላይ እንደታጠፈ መቆየት አለበት። አውሮፕላኑ በጀርባው ሲገለበጥ ያው ድጋፍ ወደ መሬት የሚገፋ ይሆናል፤ አብራሪውም የሬዲዮውን እጀታ አጥብቆ ገፍቶ መያዝ ይገደዳል። የአክሮባት አውሮፕላን በሆዱም በጀርባውም አንድ ዓይነት ጠባይ እንዲኖረው ስለሚፈለግ የግስበት ማዕከሉ ወደ ገለልተኛው ነጥብ ይጠጋል፣ አያልፈውም እንጂ። በበረራ ላይ የሚደረገው ማረጋገጫም በጣም ያምራል። ሞዴሉ በጀርባው ተገልብጦ በ45 ዲግሪ ሽቅብ እየወጣ ሳለ እጀታው ይለቀቃል። መንገዱ ወዲያው ወደ መሬት ከታጠፈ አፍንጫው ከብዷል፤ ወደ ሰማይ ከታጠፈ ጅራቱ ከብዷል፤ ቀጥ ብሎ ብዙ ርቀት ሄዶ ቀስ እያለ ከወረደ ተስማምቷል ማለት ነው።

አሁን የምሳሌያችን ሞዴል በጣት ሲመዘን 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ እንበል። ከተፈለገው በ2 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነው። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ አፍንጫው ላይ እርሳስ መለጠፍ ነው። አፍንጫው ከተፈለገው ማዕከል 35 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ 2200 በ2 ተባዝቶ ለ35 ሲካፈል ወደ 126 ግራም እርሳስ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ 400 ግራም የሚመዝን ባትሪ በውስጡ አለ፤ እርሱን 11 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መግፋት ያንኑ ሥራ አንድ ግራም ሳይጨምር ይሠራል። ጭነት የሚያጋድልበት አህያ ነጂም ቢሆን አስቀድሞ ጭነቱን ይገፋል፤ ድንጋይ የሚጨምረው ሌላ መላ ሲያጣ ነው። የቶርክን ትርጉም ከዚህ የተሻለ የሚያስጨብጥ የክፍል ምሳሌ እስካሁን አላገኘንም።

የጎን ሚዛን ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ነው። ሞዴሉ ፊት በፕሮፔለሩ ዘንግ፣ ኋላ በጅራቱ ጫፍ በክር ተንጠልጥሎ የትኛው ክንፍ እንደሚወርድ ይታያል። የክንፉ ጫፍ ከመካከሉ 75 ሴንቲ ሜትር ስለሚርቅ እዚያ የሚለጠፍ 10 ግራም ብዙ ነገር ያስተካክላል። ይህን የዘለለ ሰው በበረራ ላይ አንዱ ክንፍ ሲወርድበት በሬዲዮው ላይ ያለችውን የማስተካከያ ቁልፍ ነካ አድርጎ ኤሌሮኑን ያጥፍና ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። አልተፈታም። የኤሌሮኑ ጉልበት የሚለዋወጠው በአየሩ ፍጥነት ካሬ ልክ ነው፤ የከበደው ክንፍ የሚያጋድልበት ጉልበት ግን አውሮፕላኑ በሚሸከመው ጫና መጠን ይጨምራል። በአግድም በረራ ሁለቱ ተካክለው ይታያሉ። ሞዴሉ ቀለበት ሲሠራ ጫናው አምስትና ስድስት እጥፍ ያድጋል፣ ፍጥነቱ ግን በዚያ መጠን አያድግም፤ ተሸፍኖ የነበረው ስህተት ይወጣል፣ ቀለበቱም ጎባጣ ይሆናል። ፔንዱለሙ ላይ ወደ ኋላ እየተሰላ የሚሞላው ቁጥርና ይህች ቁልፍ ለእኛ አንድ ናቸው።

ስለዚህ ጉዳይ የምንናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ለትምህርት ጀርመን አገር በነበርንበት ጊዜ ከአንድ የጥናት ጓደኛ ጋር ሆነን አንድ ሞዴል ሠርተን ነበር። ጠረጴዛ ላይ ስንመዝነው የግስበት ማዕከሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ወደ ኋላ ሆኖ ተገኘ፤ ቁጥሩንም በደብተራችን ላይ በትክክል መዘገብን። ነገር ግን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐይዋም እየዘቀዘቀች ነበር፤ «ኤሌቬተሩን በትንሹ ወደ ታች አድርገን እናካክሰዋለን» ተባባልን። ሁለታችንም የፊዚክስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነበርን። ሞዴሉ ከመሬት ተነስቶ ጥቂት እንደሄደ አፍንጫው ሽቅብ ቀና፣ ፍጥነቱ ቀነሰ፣ የኤሌቬተሩ ጉልበትም ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ከዳን። ከሦስት ወር ሥራ የተረፈን ሞተሩ፣ ሬዲዮውና ደብተሩ ብቻ ነው።

ዛሬ ደግሞ ጋይሮ የተባለች ትንሽ መሣሪያ በርካሽ ትገኛለች። አውሮፕላኑ ሲያጋድል ፈጥና አውቃ ራሷ ታርማለች፤ ሚዛኑ የተዛባ ሞዴል እንኳ ደህና መስሎ እንዲበር ታደርጋለች። ለመዝናኛ ቢሆን አንቃወማትም። ለትምህርት ግን መጀመሪያ ትውጣ እንላለን። የዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ኤፍ 3 ኤ በተባለው የሞዴል አክሮባት ውድድር የሞዴሉን ርዝመትና የክንፉን ስፋት ከ2 ሜትር እንዳይበልጥ ከመወሰኑ በተጨማሪ በጋይሮ መረጋጋትን ከልክሏል። የሬዲዮ ሞዴሎች የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲካሄድ ለማሸነፍ የበቃው አሜሪካዊው ኤድ ካዝሚርስኪ እንዲህ ያለ ረዳት አልነበረውም።

የቀረው ማስተካከያ በቅደም ተከተል ይሠራል። የሰርቮዎቹ ክንዶች መካከል ላይ ሲቆሙ ከመግፊያ ዘንጎቻቸው ጋር 90 ዲግሪ እንዲሠሩ ይደረጋል፤ ዘንጎቹ በርዝመታቸው ተስተካክለው ሰሌዳዎቹ ቀጥ እስኪሉ ድረስ የሬዲዮው ኮምፒዩተር አይነካም። ሞተሩ በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ወደ ቀኝ እንዲያይ የሚደረገው ፕሮፔለሩ የሚጠመዝዘው ነፋስ ጅራቱን በጎን ስለሚመታ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፣ ይመዘገባል፣ ይሞከራል።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኝ ከተማ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። በመሆኑም ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በ12 በመቶ ገደማ መፍጠን አለበት፤ ከውጭ አገር መመሪያ ላይ የተገለበጠ የማረፊያ ፍጥነት እዚህ አይሠራም። የግስበት ማዕከሉ ቦታ ግን አይለወጥም ለማለት ይቻላል፤ የክንፉም የጅራቱም ጉልበት በእኩል መጠን ስለሚቀንስ ነው። ይህን ልዩነት ሳይነገረው አስቦ የሚደርስበት ተማሪ ቢገኝ ከፍተኛውን ማርክ ያለ ክርክር እንሰጠዋለን።

የገንዘብ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሞተሩ፣ ባትሪውና ሬዲዮው የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋሉ፤ ለማብረርም ከሚመለከተው አካል አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ነገር ግን ከላይ ከዘረዘርነው ሥራ አብዛኛው በጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው፤ ለአንድ ትምህርት ክፍል አንድ ሞዴል ለብዙ ዓመት ይበቃል። እስከዚያው በሚቀጥለው ሴሚስተር ያለ ሞተር ለመጀመር አስበናል። 40 በ8 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፎም ክንፍ፣ 14 በ5 የሆነ ጅራት፣ 35 ሴንቲ ሜትር የቀርከሃ ስንጥር፣ ጥቂት ሳንቲሞችና ፕላስተር ይበቃሉ። የክንፉ ጫፎች በትንሹ ወደ ላይ ይቀናሉ፤ የጅራቱ የኋላ ጠርዝም 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ታጥፎ ከዚያ በኋላ አይነካም። ሳንቲሞቹ በስንጥሩ ላይ እየተገፉ የግስበት ማዕከሉ ከክንፉ ግንባር ከ1.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር በግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይዛወራል፤ በእያንዳንዱ ቦታ ሞዴሉ በአዳራሽ ውስጥ ከትከሻ ከፍታ አምስት ጊዜ ይወረወራል፤ የሄደበት ርቀት በሜትር፣ የበረራው ጠባይም በቃላት ይጻፋል። ከሁሉም ርቆ የሚሄደው የት ላይ ሲሆን እንደሆነ እዚህ አንገልጽም፤ የአንዱ ቡድን ቁጥር ለሌላው ቡድን ሞዴል አይሠራምና። ከሪፖርቱ ጋር ሞዴሉም አብሮ ይቀርባል፤ በክንፉ ሥር በእስክርቢቶ የተሰመሩትን መስመሮች በጣታችን ይዘን ማየት እንፈልጋለን።