መኪናዋ ቻይንኛ ታወራለች

ባለፈው ሳምንት ከቦሌ ፒያሳ ያደረሰኝ የራይድ ሹፌር የሚነዳት የኤሌክትሪክ መኪና፣ የመቀመጫዋ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ሙቀቱ ስላስጨነቀኝ ኤሲ እንዲከፍትልኝ ጠየቅሁት። በትልቁ ስክሪን ላይ አንዱን ምልክት ነካ፤ ሌላ ገጽ መጣ። ሁለተኛውን ነካ፤ ሬዲዮ ጮኸ። በሦስተኛው አንዲት ሴት በቻይንኛ ረዘም ያለ ነገር ነገረችን።

"ምን አለች?"

"እኔ እንጃ ጋሼ። ዝም ስላት ትተወኛለች።"

መስኮት ከፍተን ሄድን።

ልጁ ግን መኪናዋን ይወዳታል። የነዳጅ ሰልፍ ረስቷል፤ ማታ ቤቱ ሰክቷት ይተኛል። ዳሽቦርዱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ነጭ ፕላስተር ለጥፏል፦ "2ኛ ረድፍ፣ 3ኛው፣ ኤሲ"። ጓደኛው ነው የጻፈለት። ችግሩ ገጹ የተቀየረ ጊዜ ፕላስተሩም ግራ ይጋባል።

ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ፈላጊ ብዙም ምርጫ የለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ዘወር ባላችሁ ቁጥር የምታዩት የፎልክስዋገን አይዲ ሲክስ የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። እኛ ጋ የደረሰው በነጋዴ እጅ ነው፤ ቋንቋውንም ይዞ መጣ። በኤሌክትሪኩ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፦ ቴክኖ እዚሁ አገር ስልክ ሲገጣጥም አማርኛ አስገባበት፤ ርካሽ ስልክ የሚገዛው ሰው ተከበረ። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ከፍሎ መኪና የሚገዛው ግን በፕላስተር ይነዳል። አስመጪውን "ቋንቋውስ?" ብላችሁ ብትጠይቁት "ይለመዳል" ነው መልሱ።

እርግጥ በስክሪን የተማረርነው እኛ ብቻ አይደለንም። ቋንቋው የገባቸው አውሮፓውያንም አይዲዎቹን ሲያማርሩ ቆይተዋል፤ ድምፅ መቀነሻውና ሙቀት ማስተካከያው ሳይቀር በጣት የሚዳበስ ሆኖባቸው። በመጨረሻ የኩባንያው የዲዛይን ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ2025 በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ላይ ለድምፅ፣ ለሙቀት፣ ለአየር ማራገቢያና ለአደጋ መብራት የሚጫን በተን እንደሚመለስ ተናገረ። ደንበኛው ስለጮኸ ነው። እኛስ ለማን ነው የምንጮኸው? መኪናዋ ያለችበትን አገር ኩባንያው ራሱ በወጉ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስለዚህ ጩኸቱ መሄድ ያለበት ገንዘባችንን ወደተቀበለው አስመጪ ነው፤ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት።

ነገሩ መኪና ላይ አያበቃም። አንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት የፊርማ መዝገቡን ትቶ በአሻራ የሚሠራ ማሽን ሰቀለ። የጽዳት ሠራተኛዋ የጣት አሻራ ግን በበረኪና ብዛት ጠፍቷል፤ ማሽኑ አያውቃትም። ጠዋት ጠዋት አውራ ጣቷን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች አራት አምስቴ ትሞክራለች፤ እሱ በእንግሊዝኛ "ድገሚ" ይላታል። ከሁሉም ቀድማ የምትገባው እሷ ናት፤ በወር መጨረሻ አርፋጅ ተብላ የምትጠራውም እሷ። እዚያ ቤት ማሽኑን ከመግዛታቸው በፊት የእሷን ጣት ያየ ሰው አልነበረም።

ፒያሳ ስንደርስ በቴሌብር ከፈልኩ። መልእክቱ በአማርኛ መጣልኝ፤ አንብቤ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። በሩን ልዘጋ ስል ያቺ ሴትዮ እንደገና ጀመረች፤ ድምፅዋ ትንሽ የተቆጣች ይመስላል። ልጁ ወደ ፕላስተሩ አየ፣ ወደ ስክሪኑ አየ፤ ከዚያ "እሺ እመቤቴ" ብሏት መሪውን አዞረ።