አክስቴ ተመረጠች፤ ሊጡን ማን ያቡካው?

የዛሬዋ ጠያቂያችን የስማዳ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ከከተመች ጥቂት ዓመታት ሆኗታል። እንዲህ ትላለች፦

«አክስቴ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ አባል ሆና ተመረጠች። እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ብደውል ‹ምኑ ደስ ይላል ልጄ! ስብሰባ የሚጠሩን እንጀራ በምጋግርበት ሰዓት ነው። ብሄድም ጥግ ይዤ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም› አለችኝ። የስማዳን፣ የጋይንትንና የእስቴን ሴት ተመራጮች በቴሌግራም ላሰባስብ አስቤያለሁ። ይጠቅማል ትላላችሁ?»

ይጠቅማል እንጂ እህቴ! ግን ከስልኩ በፊት ምጣዱን እንየው።

እዚያው ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራምባ የምትባል መንደር አለች። በ1964 ዓ.ም የመሠረቷት ሰው የጎረቤታችሁ የእስቴ ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው እናትና አባታቸው እርሻ እኩል ውለው ይገባሉ፤ ከዚያ አባት አረፍ ሲሉ እናት ወደ ጓዳ! «ይሄ ለምን ሆነ?» ብለው መጠየቅ የጀመሩት ያኔ እንደሆነ ይናገራሉ። ዛሬ አውራምባ ውስጥ ሴት ታርሳለች፤ ወንድ ይፈትላል፣ ይጋግራል። የመንደሩ ሥራ በኮሚቴ ነው የሚመራው፤ ሴቶቹም አሉበት። ምጣዱን የሚረከብ ሌላ እጅ ስላለ ስብሰባው ላይ መቀመጥ አላቃታቸውም።

ሌላው ቀበሌ ግን ወረቀቱ ቀድሞ ቤቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ደብተር ላይ የሚስትም ስምና ፎቶ ከባሏ ጎን ሰፍሯል። ታዲያ ባሏ የሞተባት ጎረቤት ድንበሯ ሲገፋ፣ ኮሚቴው ውስጥ ያለችው ሴት አፏን ከያዘች የደብተሩ ፎቶ ብቻውን ምን ያደርግላታል?

ስለዚህ እህቴ፣ እንዲህ አድርጊ።

መጀመሪያ ለአጎትሽና ለወንድ ልጆቻቸው ደውዪ። በስብሰባ ቀን ውኃውን ማን ይቀዳል? ሊጡንስ ማን ያቡካል? በግልጽ ተነጋገሩ። የከተማ ልጅ ቃል ይሰማል፤ ተጠቀሚበት!

ቡድኑን ስትከፍቺ ጽሑፍ አታብዢ፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉ። በድምፅ ላኪላቸው። ዘመናዊ ስልክ የሌላት በልጇ ወይም በጎረቤቷ ስልክ ትስማ። የስብሰባውን አጀንዳ ቀድመሽ ጠይቂና አክስትሽ የምትናገረውን ሁለት ነጥብ በስልክ ተለማመዱት። የስብሰባ ሰዓት ያስቀየረች ሴት ካለች እንዴት እንዳስቀየረች ለሌሎቹ በራሷ አንደበት ትንገራቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

በኢንተርኔት ብቻ ግን አትመኪ። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት መቆየቱን አትርሺ። ቁጥራቸውን ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ወደ ገበያ የሚመላለስ ዘመድም ያዢ።

አደራ! አክስትሽ ስብሰባ ላይ ማንን እንደተቃወመች ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፊ። አንቺ «ላይክ» ትቆጥሪያለሽ፤ እሷ ግን ነገ ከዚያው ሰው ጋር ከአንድ ምንጭ ነው የምትቀዳው። ምን ይነገር፣ ምን ይቅር የሚለውን እሷ ትወስን።

እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!