በስልክ ተዋውሎ ከባድ ዕቃ መሸጥና መግዛት፤ የመልሱን ኪራይ ማን ይክፈል?

ገበሬው ምርቱን ለመሸጥም ሆነ መሣሪያ ለመግዛት ከተማ ድረስ መመላለስ የግድ የነበረበት ጊዜ እያለፈ መሄዱ የታወቀ ነው። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን በስልክ መላክና መቀበል በብዙ የገጠር አካባቢዎች ተለምዷል። የወፍጮ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተርና የመውቂያ ማሽን ነጋዴዎች የዕቃቸውን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ያወጣሉ፤ የእህል ነጋዴውም የጤፉን ምስል አይቶ በስልክ ዋጋ ይቆርጣል። ይሁን እንጂ ስልክ ገንዘቡን ያደርሳል እንጂ 4 ኩንታል የሚመዝነውን ወፍጮ አያደርስም። ውሉ በደቂቃ ሲያልቅ ጭነቱ ግን እንደ ጥንቱ መኪና፣ ነዳጅና የሰው ትከሻ ይጠይቃል።

የጭነት ኪራይ ደግሞ እየከበደ መጥቷል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንስቶ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ መቀነስ ጀመረ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ከውጭ የሚመጣው ጎማና መለዋወጫ አብሮ ተወደደ። የመኪና ባለንብረቱ ይህን ሁሉ በኪራዩ ላይ ይደምራል።

ኪራዩ ሁሉንም ምርት እኩል አይጎዳም። ለስሌት ያህል አንድ ኩንታል ወደ አዲስ አበባ ለማድረስ 200 ብር ይጠየቃል እንበል። ጤፉ በኩንታል 12,000 ብር የሚሸጥ ከሆነ ኪራዩ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ድንቹ በኩንታል 2,000 ብር የሚያወጣ ከሆነ ግን ያው 200 ብር ከመቶ አሥር ይሆናል። ድንቹ ገዢ አጥቶ ቢመለስ ከመቶ ሃያ መሆኑ ነው፤ ያውም በመንገድ የሚበሰብሰው ሳይታሰብ። ስለዚህ ርካሽና ከባድ ምርት ያለው ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ስለ መሸጫ ዋጋው ሳይሆን ስለ መልሱ ጉዞ ነው።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በእህል ሽያጭ ላይ ነው። በስልክ የተቆረጠለትን ዋጋ አምኖ እህሉን የጫነ ማኅበር መኪናው አዲስ አበባ እህል በረንዳ ከደረሰ በኋላ ሌላ ቃል ይገጥመዋል። «እርጥበት አለው»፣ «አፈር በዝቶበታል»፣ «ፎቶው ላይ ነጭ ነበር፣ ይኼ ሰርገኛ ነው» ይባላል። አንዳንድ ጊዜ አባባሉ እውነት ነው፤ ማኅበሩ ሳያበጥር ጭኖ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገዢው ነገሩን የሚያነሳው ሻጩ እህሉን ይዞ ሊመለስ እንደማይችል ስለሚያውቅ ብቻ ነው። ሹፌሩ አራግፉልኝ ይላል፤ መኪናው ባደረ ቁጥር ኪራይ ይጨምራል፤ ጫኝና አውራጁም ሒሳቡን ይጠብቃል። በዚህ መሐል ተወካዩ ከመመለስ ይሻላል ብሎ ዝቅ ባለ ዋጋ ይፈርማል። የቀረበለት ቅናሽ ከመልሱ ኪራይ ትንሽ ዝቅ ያለ ሆኖ መገኘቱም በአጋጣሚ አይመስልም።

ይህን ለመከላከል አሮጌው የናሙና ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ከየጆንያው የተወሰደ እህል ተደባልቆ በሁለት ከረጢት ይታሸጋል። በሁለቱም ላይ ወገኖቹ ይፈርማሉ፤ አንዱ ከገዢው ወይም ከወኪሉ፣ ሌላው ከማኅበሩ ዘንድ ይቀመጣል። ሚዛኑም ከመጫኑ በፊት በማኅበሩ መጋዘን ቢጠናቀቅ ይመረጣል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተነሳውም ከዚሁ ሐሳብ ነው፤ ምርቱ በየአካባቢው መጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ከተቀመጠ ገዢው ምርቱን ሳያይ በደረጃው መግዛት ይችላል። ምርቱ በምርት ገበያው የማይገበያይ ማኅበር በራሱ መጋዘን የዚህኑ ትንሽ ምሳሌ ማድረግ አያቅተውም።

በግዢ በኩል ሸክሙ ይገለበጣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ዕቃው በጠቅላላው የሚረከበው ከሻጩ የሥራ ቦታ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የማጓጓዣ ወጪ የገዢው ነው። ገዢው የተረከበውን ዕቃ እንደተመቸው ወዲያውኑ መመርመርና ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ወፍጮውን በሳጥኑ እንዳለ አስቀምጦ ቤቱ እስኪሠራ ሁለት ወር የሚጠብቅ ማኅበር በዚህ ይሸነፋል። ጉድለቱ የሻጩ መሆኑ ቢረጋገጥና ወጪን ማስመለስ ቢቻል እንኳ፣ ለክርክር መመላለሱ ራሱ ሌላ ኪራይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ግን አንድ ጥቅም አስገኝቷል፤ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም። ስለዚህ በቴሌግራም የተላከው ዋጋና የተገባው ቃል ከስልኩ መጥፋት የለበትም። «ሞተሩ አልነሳ ካለ የመልሱን ኪራይ ሻጩ ይከፍላል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ቢጻፍ በኋላ ብዙ ንግግር ያስቀራል። ይህን ለመጻፍ የማይፈቅድ ነጋዴም ስለ ዕቃው አንድ ነገር መናገሩ ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን ዕቃው ሳይጫን መፈተኑ ነው። ከማኅበሩ አንድ ሰው፣ እሱ ባይመች አዲስ አበባ የሚኖር የአባል ልጅ፣ ሱቁ ድረስ ሄዶ ሞተሩ በነዳጅ ሲነሳ ይይ፤ ቺንጋውንና መለዋወጫውን ይቁጠር፤ የሞተሩን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር ያመሳክር። ወፍጮና ሞተር የሚነጣጠሉ ከሆነም ተነጣጥለው ይታሰሩ። በኋላ ሞተሩ ብቻ ቢበላሽ ያን ብቻ መመለስ ይቻላል፤ የወፍጮውን አካል 300 ኪሎ ሜትር ወዲያና ወዲህ ማንገላታት አያስፈልግም።

ስለ መኪናው ሲታሰብ፣ አንድ ወፍጮ ለብቻው 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ መከራየት ማባከን ነው። ከጎጃም፣ ከሸዋና ከአርሲ እህል አምጥተው ያራገፉ መኪኖች ባዷቸውን ከመመለስ በትንሽ ዋጋ መጫን ይመርጣሉ። ማኅበሩ እህሉን ካመጣው ሹፌር ጋር አስቀድሞ ከተነጋገረ የወፍጮው ኪራይ ለመሄጃው ከሚጠየቀው በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። በማዳበሪያ ወቅት ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ከጅቡቲ የመጣውን ማዳበሪያ ገጠር ያወረዱ መኪኖች ባዷቸውን ስለሚመለሱ፣ እህል ያስቀመጠ ማኅበር ያን ጊዜ ቢጭን ያተርፋል። ለአንድ ማኅበር መኪና የማይሞላውን ጭነት የሦስት ማኅበራት ዩኒየን ሊሞላው ይችላል። ለዚህ ግን የጭነቱን ቀን አስቀድሞ መቁረጥ ይጠይቃል፤ በችኮላ መኪና የሚፈልግ ሁልጊዜ ለደላላ ይከፍላል።

በመጨረሻም ብዙ ጊዜ የሚረሳው አጭሩ መንገድ አለ። በክረምት መኪናው አስፋልቱ ዳር ይቆምና ቀሪው 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር በአህያ ጋሪና በሰው ሸክም ይሸፈናል። ዕቃ በብዛት የሚሰበረውም በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በውሉ ውስጥ «ወረዳ ከተማ ድረስ» ነው ወይስ «እስከ ማኅበሩ መጋዘን በር» የሚለው ተለይቶ፣ የማውረጃው ሒሳብም የማን እንደሆነ ተጠቅሶ ይጻፍ።