በሥልጣን መባለግና የቴሌቪዥን ድራማ

ስለ ሥልጣንና ስለ ሙስና የተሠሩ የቴሌቪዥን ድራማዎች በተነሡ ቍጥር፣ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በመምህራን ክበብ፣ አስቀድሞ የሚመሰገነው የእንግሊዙ «ሀውስ ኦፍ ካርድስ» ነው። የሥልጣንን ጠባይ ማወቅ የሚሻ ይህን ይመልከት የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ድራማው በብልኀት የተሠራ መሆኑን ሳልክድ፣ ስለ ሙስና የሚሰጠው ትምህርት የተሳሳተ ነው፤ ለእኛ ለጽሕፈት ቤት ሰዎች ደግሞ እጅግ የሚመች ስሕተት ነው እላለሁ።

መጽሐፉን የጻፈው በወግ አጥባቂው ፓርቲ ውስጥ በከፍተኛ ኃላፊነት የሠራው ማይክል ዶብስ ነው። ቢቢሲ በአራት ክፍል ማሳየት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኖቬምበር 1990፣ ማርጋሬት ታቸር ከሥልጣን ለመውረድ በተገደዱበት ወር ነበር። የመንግሥት ዋና ተጠሪው ፍራንሲስ ኧርካርት ተስፋ ያደረገውን የሚኒስትርነት ሹመት ቢነፈግ፣ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ወንድም ስም አክሲዮን ገዝቶ ጌታውን ያስወቅሳል፤ ከዚያም ተቀናቃኞቹን አንድ በአንድ ይጥላል፤ በመጨረሻም ወደ ነፍስ ግድያ ይደርሳል። ይህንንም ሁሉ ሲያደርግ ፊቱን ወደ ተመልካች መለስ እያደረገ ተንኰሉን እንደ ወዳጅ ያዋየናል። ኢያን ሪቻርድሰን ይህን ሰው እንዲህ ባለ ግርማ ተጫውቶታልና፣ ተመልካቹ ሳያስበው አብሮ ይሥቃል።

ደራሲው በሣቃችን እንድናፍር አስቦ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን። ነገር ግን ድራማውን አይተው ስለ ኧርካርት ብልጠት ሲያወሩ የሚያመሹ ሰዎችን ሰምቻለሁ፤ ስሙ በሐሰት ስለ ጠፋው ወንድም የጠየቀ ግን አልሰማሁም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሙስናውን ሁሉ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ማስቀመጡ ነው። ኧርካርት ቢወገድ ቤቱ የጠራ ይመስላል፤ ተመልካቹም «እኔ ሰው አልመረዝሁም» ብሎ ከወንበሩ ነጻ ሆኖ ይነሣል።

እንግዲህ በጃንዋሪ 2024 አይቲቪ ባከታተላቸው አራት ሌሊቶች ያሳየውን «ሚስተር ቤትስ ቨርሰስ ዘ ፖስት ኦፊስ» የተባለውን ድራማ እንመልከት። ይህ ልብ ወለድ አይደለም። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ፉጂትሱ የሠራውን «ሆራይዘን» የተባለ የኮምፒዩተር ሒሳብ በየመንደሩ ቅርንጫፍ አስገባ፤ ኮምፒዩተሩም ያልጐደለውን ገንዘብ ጐደለ ይል ጀመር። የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹ ጉድለቱን ከኪሳቸው እንዲተኩ ተገደዱ፤ ያላቸውን ሸጡ፣ ተበደሩ፤ የታሰሩ አሉ፤ ራሳቸውን ያጠፉም አሉ። ከ1999 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት ከ900 በላይ ሰዎች ጥፋተኛ ተብለዋል። ለእርዳታ ስልክ የደወሉት ብዙዎቹ የተነገራቸው፣ እንዲህ ያለ ችግር የገጠመው እነርሱን ብቻ መሆኑ ነበር።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኧርካርት የት አለ? የለም። ያለው ስልክ ተቀባዩ፣ ደብዳቤ ጻፊው፣ ሒሳብ መርማሪው፣ ጠበቃው ነው፤ ነገሩ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» እየተባለ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይሄዳል። ይህ ሙስና አይደለም፣ ጉቦ የበላ የለምና የሚለኝ አይጠፋም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው አባባላችን መብላትን በገንዘብ ብቻ እንድንቈጥር ሳያስለምደን አልቀረም። የመሥሪያ ቤቱን ስም ለመጠበቅ የሰውን ስም አሳልፎ የሰጠ ግን ወንበሩን በልቷል፣ ደመወዙን በልቷል፣ ሽልማቱንም በልቷል። የፖስታ ቤቱ የቀድሞ ዋና ሥራ አስኪያጅ በ2019 የመንግሥት ኒሻን ተሰጥቷቸው ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ኮምፒዩተሩ ስሕተት እንደ ነበረበት ፈረደ። ኒሻኑ ግን እስከ ድራማው ድረስ ቈየ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈርሞ ከጠየቀ በኋላ ነው ለመመለስ የተስማሙት። በሜይ 2024ም ፓርላማው ፍርዶቹን በአንድ ጊዜ የሚሽር ሕግ አወጣ።

አሜሪካኖች በበኩላቸው ከ2013 ጀምሮ የኧርካርትን ታሪክ ወደ አገራቸው ወስደው ስድስት ምዕራፍ አድርገውታል። ክፉ ሰው ሲወደድ ዕድሜው ይረዝማል።

የእኛም ትምህርት ቤቶች የፀረ ሙስና ክበባት ተማሪዎች ተውኔት ሲያዘጋጁ፣ ቦርጫም አለቃና ፖስታ ውስጥ የታሸገ ብር ያቀርባሉ። ስልኩን አንሥቶ «የገጠመህ አንተን ብቻ ነው» የሚለውን ትሑት ጸሓፊ ግን እስካሁን በመድረክ ላይ አላየሁትም።