የመንግሥት ሠራተኛና የጡረታ መዝገቡ

አንድ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ባገኘ ሰሞን ብዙ ወረቀት ይቀርብለታል። የቅጥር ደብዳቤውን ደጋግሞ ያነባል፤ ደመወዙንም ከቤት ኪራዩ ጋር እያስተያየ ያሰላል። «የሕይወት ታሪክ ቅጽ» የሚባለውን ግን አብዛኛው ሰው በመስኮት ደፍ ላይ ተደግፎ በጥድፊያ ይሞላዋል። ተቀባዩም ጸሐፊ ቢሆን ፊርማ መኖሩን ብቻ አይቶ ወደ ማኅደሩ ይከተዋል። ይሁን እንጂ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ከሚጻፉት ወረቀቶች መካከል እንደዚህ ዕድሜው የሚረዝም ጥቂት ነው። ሠራተኛው በዕድሜ ሲሰናበት፣ አካሉ ሲጎድል ወይም ሲሞት ተፈልጎ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ጸሐፊው ተዛውሯል፤ አለቃው ራሱ ጡረተኛ ሆኗል፤ ባለጉዳዩም በሕይወት ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ምዝገባ እንዴት እንደሚካሄድና ስሕተቱ የት የት እንደሚያድር ጥቂት ልንል አስበናል። አንባቢዎቻችን ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ስለ ሆኑ ነገሩ በሁለት በኩል ይነካቸዋል፤ ዛሬ የራሳቸውን ቅጽ ይሞላሉ፤ ነገ ደግሞ የሌላውን ሰው ቅጽ ይቀበላሉ።

በአገራችን ለደከመ አገልጋይ መተዳደሪያ መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን በደመወዝ ወይም በጡረታ ፈንታ የማደሪያ መሬት ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ይህ በሰጪው ፈቃድ ላይ የቆመ ስለ ነበር፣ «ይህን ያህል ዓመት ስላገለገልሁ ይህን ያህል ይገባኛል» ብሎ በስሌት ለመጠየቅ አያስችልም። በ1953 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ድንጋጌ፣ ቀጥሎም በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ነገሩን ከስጦታ ወደ መብት አሻገሩት። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 4፣ መንግሥት ደግሞ ከመቶ 6 እንዲያዋጡ ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ አዋጅ ቁጥር 345 በ1995፣ አዋጅ ቁጥር 714 ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ወጡ። በኋለኛው አዋጅ መዋጮው በደረጃ አድጎ የሠራተኛው ከመቶ 7፣ የመሥሪያ ቤቱ ከመቶ 11 ሆነ፤ ለመከላከያና ለፖሊስ ባልደረቦች የመሥሪያ ቤቱ ድርሻ ከመቶ 25 ደረሰ። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችም የጡረታ ባለመብት ሆኑ። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ አዋጆች በቁጥር 1267 እና በቁጥር 1268 ተተኩ። ይህን ሁሉ ቁጥር የደረደርነው አንባቢን ለማድከም አይደለም። በአንድ ሰው የአገልግሎት ዘመን ውስጥ ሕጉ ሦስት ጊዜ ሊለወጥ እንደሚችል ይታይ ዘንድ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የተጻፈው መዝገብ ግን እንደ ተጻፈ ይቀመጣል።

ወደ ውጭ አገር ብንመለከት የምዝገባ ችግር መልኩ ሌላ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በ1960 ሥራ ጀመረ። እዚያ ሠራተኛው ከብዙ የመድን ዓይነቶች አንዱን ራሱ መምረጥ አለበት፤ ምርጫውን ለመለወጥም በየዓመቱ በኅዳር ወር ግድም ጥቂት ሳምንታት የሚቆይ የምዝገባ ወቅት ይከፈትለታል። የጡረታ ቁጠባቸውም እንደዚሁ ለብዙ ዓመታት በፈቃድ የሚገባበት ነበር። ታዲያ ሰው የሚጠቅመውን እያወቀ ቅጹን ሳይሞላ ዓመታት ያሳልፋል። ብሪጂት ማድሪያንና ዴኒስ ሺ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ሠራተኞች ራሳቸው ሲመዘገቡ በቁጠባው የገቡት ከመቶ 49 ነበሩ፤ ሳይጠየቁ እንዲመዘገቡ ሲደረግ፣ አልፈልግም ያለው ደግሞ እንዲወጣ ሲፈቀድለት፣ ቁጥሩ ከመቶ 86 ደረሰ። «ነገ እሞላዋለሁ» የምትለው ቃል በእንግሊዝኛም አለች ማለት ነው። የአሜሪካ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አዲስ ተቀጣሪን ሁሉ ከደመወዙ ከመቶ 3 እየተቆረጠ በቁጠባው እንዲገባ አደረገ፤ በ2020 ይህ መጠን ወደ ከመቶ 5 ከፍ ብሏል።

እኛ ዘንድ ግን ጡረታ በምርጫ የሚገባበት አይደለም። ሕጉ ያስገድዳል፤ ደመወዝ ከፋዩም ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ መዋጮውን ይቆርጣል። ከዚህም የተነሣ ሠራተኛው በደመወዝ መክፈያው ላይ «ጡረታ» የምትለዋን ቃል አይቶ ጉዳዩ ሁሉ የተፈጸመ ይመስለዋል። በእኛ አስተያየት የአገራችን ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ በየወሩ መንገዱን ያውቃል፤ የሰውየው ማንነት፣ ዕድሜ፣ ቤተሰብና የአገልግሎት ዘመን ግን በየወሩ አይጻፍም። እነዚህ በማኅደር ውስጥ የሚቀመጡ ናቸው፤ ማኅደሩን ደግሞ ከባለቤቱ በቀር ጉዳዬ የሚለው የለም፤ ባለቤቱም አያየውም።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። በ2003ቱ አዋጅ ስሌት መሠረት 10 ዓመት አገልግሎ በዕድሜ የተሰናበተ ሲቪል ሠራተኛ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ከመቶ 30 ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 ይጨመርለታል፤ ጠቅላላው ከመቶ 70 አያልፍም። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነና 25 ዓመት ያገለገለ ሰው እናስብ። አበሉ ከመቶ 48.75፣ ማለት በወር 4,875 ብር ይሆናል። ይህ ሰው በወጣትነቱ በአንድ ወረዳ አምስት ዓመት አገልግሎ ተዛውሮ ከነበረና የዚያ ዘመን ማስረጃ ከጠፋ፣ የሚቆጠርለት 20 ዓመት ብቻ ነው፤ አበሉም ወደ 4,250 ብር ይወርዳል። በወር 625፣ በዓመት 7,500 ብር ማለት ነው፤ ሰውየውም እስኪሞት ድረስ ይቀጥላል። የአገልግሎቱ ዘመን በዚህ ምክንያት ከ10 ዓመት በታች ከወረደማ ነገሩ የባሰ ነው፤ በየወሩ የሚከፈል አበል ቀርቶ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ዳረጎት ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው የዕድሜ ጉዳይ ነው። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው፤ የሚያዘውም ሠራተኛው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ ነው። ሕጉ እንዲህ መወሰኑ ትክክል ነው እንላለን፤ አለበለዚያ 59 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ ታናሽ ሆኖ ለመገኘት ምስክር ሲያቆም በኖረ ነበር። ነገር ግን ደንቡ ጥሩ የሚሆነው የመጀመሪያው ጽሕፈት ጥሩ ሲሆን ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው የልደት ማስረጃ አልነበረውም፤ እናቱ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ» ወይም «አብዮቱ በፈነዳ ዓመት» ትለዋለች እንጂ ቀኑን አትነግረውም። ስለዚህ ዕድሜው የተወሰነው አንዳንድ ጊዜ በትምህርት ቤት ምዝገባ፣ አንዳንድ ጊዜም በዚያች በመስኮቱ ደፍ ላይ በተሞላች ቅጽ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ለመቀጠር ሲል ዕድሜውን ከፍ ያደርጋል፤ ዘግይቶ የተቀጠረው ደግሞ ዝቅ ያደርጋል፤ ሁለቱም በኋላ የጻፉትን ያገኛሉ።

በዚህ ላይ የዘመን አቈጣጠራችን ልዩነት ይጨመራል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በእኛ አቈጣጠር የተወለደው ታኅሣሥ 24 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊው ወሩን ሳይመለከት ሰባት ቀንሶ 1983 ብሎ ከጻፈለት የጡረታ መውጫው በአንድ ዓመት ይዘገያል። በተቃራኒው በመስከረምና በታኅሣሥ መካከል ለተወለደ ሰው ሰባት በመቀነስ ፈንታ ስምንት ቢቀንስበት፣ አንድ ዓመት ደመወዝ በጽሕፈት ስሕተት ቀረበት ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ከፍተኛ ትምህርት አያስፈልግም፤ ዐሥር ደቂቃ መታገሥ ይበቃል።

ስምም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። አንዲትን ሴት «ፀሐይ» ብንላት፣ ስሟ በ«ጸ» ወይም በ«ፀ»፣ ቀጥሎም በ«ሐ»፣ በ«ሀ» ወይም በ«ኀ» ሊጻፍ ይችላል፤ ይህ ብቻ ስድስት ዓይነት ነው። «ኃይለ ማርያም» የሚለውን አንዱ ይለያየዋል፤ ሌላው ይገጥመዋል። በቃል ሲነገር ሁሉም አንድ ነው፤ ጎረቤትም፣ ዕድርም፣ ቤተ ክርስቲያንም በዚህ አይቸገሩም። መዝገብ ቤት ግን ጆሮ የለውም። የቅጥር ደብዳቤው በአንዱ፣ የባንክ ደብተሩ በሌላው፣ የትምህርት ማስረጃው በሦስተኛው ፊደል ሲገኝ፣ አንዱ ሰው በሦስት ይከፈልና «ሦስቱም አንድ ሰው ናቸው» የሚል የፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲያመጣ ይታዘዛል። ወጣቱ ሹም ለተቀጣሪው «የትምህርት ማስረጃህን አውጣና ስምህን እንደዚያው ጻፈው» ቢለው ይህ ሁሉ መጉላላት ይቀር ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ሠራተኛ ሲሞት መብቱ ወደ ቤተሰቡ ያልፋል። በ2003ቱ አዋጅ ሟቹ ያገኝ ከነበረው አበል ለሚስት ወይም ለባል ከመቶ 50፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ከመቶ 20፣ ለእናትና ለአባት ለእያንዳንዳቸው ከመቶ 15 ተመድቧል። ከላይ በምሳሌ የጠቀስነው ሰው በሥራ ላይ ሳለ ቢሞት ለሚስቱ በወር 2,437 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳታል። ብሩ ትንሽ ነው የሚል ይኖር ይሆናል፤ ለቀረችው ሴት ግን የልጆቿ ጤፍ ነው።

ይህችን ሴት ከሟቹ ጋር የሚያገናኛት ምንድን ነው? በብዙ አገሮች ሚስት የባሏን ስም ስለምትይዝ ስሟ ራሱ በከፊል ምስክር ይሆናታል። በእኛ ዘንድ ግን ሴት ብታገባም በአባቷ ስም ትኖራለች፤ ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ሆኖም በወረቀት ላይ ከባሏ ጋር የሚያስተሳስራት ስም የለም ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የተፈጸመውን ብቻ ሳይሆን በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመውንም ጋብቻ ያውቃል። ነገር ግን ጋብቻው በሕግ መታወቁ አንድ ነገር ነው፤ በማኅደር ውስጥ መገኘቱ ሌላ ነው። ሠራተኛው ሲቀጠር ላጤ ነበርና «የጋብቻ ሁኔታ» በሚለው መስመር ላይ «ያላገባ» ብሎ ጽፏል። በአምስተኛው ዓመት አገባ፤ በሰባተኛውና በዘጠነኛው ልጆች ወለደ፤ ባልደረቦቹ ሁሉ በሠርጉ በሉ፤ በክርስትናውም ተገኙ። ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ሄዶ ግን አንድ ወረቀት አላስገባም፤ ማንም አልጠየቀውም። በሃያኛው ዓመት ሲሞት መዝገቡ እንዳላገባ ይናገራል። ሚስቱ የሐዘን ልብሷን ሳታወልቅ ምስክር ቆጥራ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች፤ ከሟች ወገን አንድ ተቀናቃኝ ከተነሣ ደግሞ ጉዳዩ ይረዝማል። ከአለቆቹ አንዱ እንኳ ክፉ ሰው አልነበረም። በዓመት አንድ ቀን ተወስኖ እያንዳንዱ ሠራተኛ ማኅደሩን ከፍቶ እንዲያይና የተለወጠውን እንዲያስሞላ ቢደረግ፣ ወጪው የአንድ ቀን ሥራ ነው። አሜሪካውያን ለመድን ምርጫቸው የምዝገባ ወቅት እንዳላቸው፣ እኛም ለቤተሰብ መዝገባችን አንድ ወቅት ብንወስን ምን ይጎዳናል?

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ በኮምፒዩተር ይስተካከላል ይላሉ። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጥቶ «ፋይዳ» የተባለው መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል። ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ወደ ፊት ለሚቀጠረው የስም ችግር ይቀልለታል። ነገር ግን የቀድሞው ማኅደር ሳይጣራ ወደ ኮምፒዩተር ቢገባ፣ ስሕተቱም አብሮ ገብቶ በሚያምር ጽሕፈት ይታተማል። ቁጥሩ ሰውየው ማን እንደ ሆነ ይነግረናል እንጂ፣ በ1990 ዓ.ም. በየትኛው ወረዳ እንዳስተማረ አይነግረንም። ስለዚህ መጀመሪያ ሠራተኛው ባለበት ማኅደሩ ይጣራ፤ ከዚያ በኋላ ይተየብ ባይ ነን። የተዛወረውም ሰው ከመሰናበቱ በፊት የአገልግሎት ማስረጃውን ቅጂ በእጁ ይያዝ፤ የእርሱ ኮፒ በቤቱ ሳጥን ውስጥ ካለ የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ውሃ ቢገባበት እንኳ መብቱ አይሰጥምም።

ይህ ጉዳይ ለጡረታ ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በኋላ በታቀደው መሠረት ሠራተኛው ከመቶ 3፣ አሠሪውም ከመቶ 3 እንዲያዋጡ ታስቦ ነበር፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ግን ተደጋግሞ ተላልፏል። ለመዘግየቱ ብዙ ምክንያት ይነገራል፤ ስለ መዋጮው መጠንም ሠራተኞች ቅሬታ ነበራቸው። እኛ ወደዚያ ክርክር አንገባም። ነገር ግን የጤና መድን ከጡረታ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ጡረታ የቤተሰቡን ስም የሚጠይቀው ሠራተኛው ከሞተ በኋላ ነው፤ የጤና መድን ግን ሕፃኑ ትኩሳት በያዘው ሌሊት ይጠይቃል። በሐኪም ቤቱ መስኮት የተቀመጠው ጸሐፊ «ይህ ልጅ በመዝገብ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ሲመለከት፣ የሚያየው ዝርዝር አባቱ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ካለው ማኅደር የተገለበጠውን ነው።