አዲስ ዕቃ ከማዘዝ በፊት ስለ ማጽዳት

የጭነት መኪና ለነጋዴ እንደ ሚዛኑና እንደ ካዝናው ሁሉ የሥራ መሣሪያው ነው። ስለዚህ ዳገት ላይ ኃይሉ የከዳው እንደ ሆነ ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ዕቃው በቀጠሮው ቀን አይደርስም፤ የናፍታው ወጪ ያድጋል፤ ከሁሉም ይልቅ በባለንብረቱና በነጂው መካከል ጥርጣሬ ይገባል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ጊዜ አይነገርለትምና ጥቂት ሊባልበት ይገባል። ባለንብረቱ የወሩን የናፍታ ደረሰኝ ካለፈው ወር ጋር ሲያስተያየው ብልጫ ያገኝበታል። መንገዱ ያው ነው፤ ጭነቱም ያው ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ የሚታሰበው ነጂው ናፍታ ሸጧል የሚለው ነው። ነጂው በበኩሉ «መኪናው አይጎትትም» ብሎ ቢናገር እንደ ማመካኛ ይቆጠርበታል። በዚህ ምክንያት ብዙ ዘመን ያገለገለ ነጂ ከሥራው የተሰናበተበት፣ በእርሱ ፈንታ የተቀጠረውም በሁለተኛው ወር ያንኑ ያህል ናፍታ የፈጀበት ጊዜ አለ። ሂሳቡን አስተካክሎ የጻፈ ሰው ምክንያቱን ግን አላወቀውም።

ከዚህ ቀጥሎ ተራው የጋራዥ ነው። ቱርቦው ይወልቃል፤ ፖምፓው ተፈትቶ ለባለሙያ ይላካል፤ ኢንጀክተሮቹ ይለወጣሉ። ይህ ሁሉ ከተከፈለበት በኋላ መኪናው የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ እንደ ቀድሞው በዝቅተኛ ማርሽ ይንፏቀቃል። የአየር ፍሰት መለኪያው ሴንሰር የሚታወሰው ከዚያ ወዲያ ነው። ሲታወስም «አዲስ ይታዘዝ» ተብሎ ነው እንጂ «ወልቆ ይታይ» የሚል ሰው አይገኝም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደ ወጣ ለአስመጪና ለባለሱቅ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገለ ተሽከርካሪ አስመጥቶ አሮጌውን መተካትን አስቀድሞ ከባድ አድርጎት ነበር። ስለሆነም ያለውን መኪና ማቆየት ግዴታ ሆኗል። ግዴታም ከሆነ በአንድ ቆርቆሮ ማጽጃ ሊድን የሚችለውን ዕቃ ሳይመረምሩ በውጭ ምንዛሪ መተካት ኪሣራን ዐውቆ መግዛት ነው።

ሴንሰሩ በአየር ማጣሪያው ሳጥንና በሞተሩ መካከል ባለው ቱቦ ላይ ተሰክቶ የሚገኝ ትንሽ ዕቃ ነው። ውስጡ በኤሌክትሪክ የሚግል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ የፕላቲን ሽቦ፣ ከዚያ በኋላ በተሠሩት ላይም የሚግል ስስ ገጽ አለው። ሞተሩ የሚስበው አየር በላዩ ሲያልፍ ያቀዘቅዘዋል። የሽቦውን ግለት ለመጠበቅ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ መጠን እየተለካ ምን ያህል አየር እንደ ገባ ለኮምፒውተሩ ይነገረዋል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጁን በዚያ ልክ ይመጥናል። የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ይህን የጋለ ሽቦ አሠራር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲያወጣው፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ሽቦው ለአንድ ሰኮንድ ያህል እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ግሎ የያዘውን ቆሻሻ እንዲያቃጥል አድርጎ ነበር። ሠሪው ራሱ ቆሻሻን ምን ያህል ይፈራ እንደ ነበር ከዚህ ይታወቃል። በኋላ በወጡት በብዙዎቹ ላይ ግን ይህ ማቃጠል ቀርቷል።

አቧራና የዘይት ጭጋግ ተቀላቅለው ሽቦውን የሸፈኑት እንደ ሆነ ጋቢ እንደ ደረበ ሰው ነፋሱ አይሰማውም። ብዙ አየር እየገባ ሳለ ጥቂት ገባ ብሎ ይናገራል። በናፍታ ሞተር ላይ ኮምፒውተሩ ጭስ እንዳይበዛ በመጠንቀቅ ናፍታውን ይይዛል፤ በቤንዚን ሞተር ላይ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ ያንስና ሞተሩ ይንተፋተፋል። ነጂው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ቢረግጠው የሚጨመር ኃይል የለም። በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኸ ረጅም ሰዓት ይጓዛል፤ የደረሰኙ ብልጫ የሚመጣውም በአብዛኛው ከዚህ ነው። ሴንሰሩ የሚሰጠው ቁጥር የተዛባ ቢሆንም ፈጽሞ የማይታመን ስላልሆነ በዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያው መብራት ላይበራ ይችላል። መብራቱ አለመብራቱም ነጂውን የበለጠ ያስጠረጥረዋል።

በኢትዮጵያ መንገድ ነገሩን የሚያብሰው ከፍታው ነው። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ መኪና ከባሕር ወለል ጀምሮ በሚሌና በአዋሽ አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ ከ2,300 ሜትር በላይ ወጥቷል። እዚህ ያለው አየር በወደቡ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ ከጉድለቱ ጥቂቱን ይሞላል እንጂ ሁሉን አይሞላውም። እንግዲህ ጤነኛ ሴንሰር ያለው ሞተር እንኳ ደጋ ላይ ከኃይሉ ያጣል። የቆሸሸው ደግሞ በሳሳው አየር ላይ ሐሰት ሲጨምርበት፣ ቆላ ላይ ያልታወቀው ድካም ዳገት ላይ ይገለጣል።

አንዳንድ ባለጋራዦች ማጽዳት ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ያው ይመለሳል ብለው ይከራከራሉ። እውነት አላቸው፤ ነገር ግን እውነቱ ግማሽ ነው። ቆሻሻው የገባበት በር ክፍት ከተተወ አዲስ የተገዛውም ሴንሰር በሁለት ወር ይቆሽሻል። በሩ የአየር ማጣሪያው ነው። ከአፋር ሜዳ ወይም ቡና ከሚጫንበት የኮረኮንች መንገድ የተመለሰ መኪና ማጣሪያው በኮምፕሬሰር ሲነፋ ማየት የተለመደ ነው። ኃይለኛ ነፋስ ወረቀቱን ይበሳዋል፤ ቀዳዳው በዓይን የማይታይ ቢሆን እንኳ አቧራ ያሳልፋል። በልኩ ያልተሠራ ርካሽ ማጣሪያም በሳጥኑ ውስጥ በደንብ አይገጥምና አየሩ በዳር በኩል ሳይጣራ ይገባል። በዘይት የሚርሰው የጨርቅ ማጣሪያ ዘይቱ ሲበዛበት ራሱ ሴንሰሩን ይቀባዋል። ከሴንሰሩ በኋላ ያለው የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ደግሞ ያልተለካ አየር በዚያ ይገባል፤ ይህ ሲሆን ሴንሰሩን አጥቦ መመለስ ምንም አይጠቅምም።

ማጽዳቱ ራሱ የጥበብ ሥራ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ ቁልፉም ወጥቶ፣ የኤሌክትሪኩ መሰኪያ ይነቀላል። ብዙ ጊዜ ሴንሰሩ በሁለት ብሎኖች የታሰረ ነው፤ ብሎኖቹ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው ከሆኑ በተራ ካቻቢቴ መታገል ራሳቸውን መላጥ ነው። ከወለቀ በኋላ ለአየር ፍሰት ሴንሰር ተብሎ የተሠራው የሚረጭ ማጽጃ ከጥቂት ርቀት በሽቦው ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይረጭበታል። በጣት፣ በጥጥ ወይም በብሩሽ አይነካም፤ በኮምፕሬሰርም አይነፋም፤ ሽቦው ከተበጠሰ መጠገኛ የለውም። ከዚያ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዋል። ከባዱ ነገር ይህ የግማሽ ሰዓት ጥበቃ ነው። ነጂው ይቸኩላል፣ ባለንብረቱ ስልክ ይደውላል፣ መካኒኩም ኮምፕሬሰሩን ያነሣል።

በየጋራዡ የሚታየው ስሕተት ግን ከጥድፊያ ይልቅ በማጽጃው ላይ ነው። የካርቡራተር ወይም የፍሬን ማጽጃ በእጅ ስለሚገኝ ይረጫል፤ አለዚያም ሴንሰሩ በቤንዚን ውስጥ ይነከራል። እነዚህ የሴንሰሩን ፕላስቲክና ስሱን ገጽ ሊጎዱ የሚችሉ ናቸው፤ ቤንዚን ደግሞ ሲደርቅ የራሱን ቅሪት ይተዋል። ዕቃው በዚህ ከተበላሸ በኋላ «ማጽዳት አይሠራም» የሚባለው ፍርድ ትክክለኛ አይደለም።

ሥራው መጠቀሙን ለማወቅ የነጂውን ቃል ብቻ መቀበል አያስፈልግም። የምርመራ መሣሪያ ያለው መካኒክ ሴንሰሩ በሰኮንድ ስንት ግራም አየር እንደሚቆጥር ከማጽዳቱ በፊትና በኋላ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራና ሲፈጥን አንብቦ ሊጽፍ ይችላል። ባለንብረቱ ይህን ወረቀት ቢጠይቅ መብቱ ነው። ቁጥሩ ካልተለወጠ፣ ቱቦውና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹም ደኅና ከሆኑ፣ ያን ጊዜ አዲስ ሴንሰር ማዘዝ ተገቢ ይሆናል።

ለሁሉም መኪና ይህ ምክር አይሆንም። አገሩን ለብዙ ዘመን ያገለገለው ኤንትሬ ፊያት፣ 4ኤችጂ1 ሞተር ያለው አሮጌው ኢሱዙ ኤንፒአር፣ የቀድሞዎቹም የቶዮታ ሃይሉክስ ናፍታ ሞተሮች ነዳጃቸው በሜካኒካል ፖምፓ የሚመጠን ስለሆነ የሚጸዳ ሴንሰር የላቸውም። እነርሱ ሲደክሙ የአየርና የናፍታ ማጣሪያቸውን፣ ፖምፓቸውን፣ ቱርቦ ካላቸውም ቱቦዎቹን ማየት ይገባል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2005 ወዲህ የተሠሩት ኮመን ሬይል ናፍታ ሞተር ያላቸው ሃይሉክሶች ግን ብዙዎቹ ሴንሰሩ አላቸው። የተጠራጠረ ሰው ከማጣሪያው ሳጥን ቀጥሎ ባለው ቱቦ ላይ ሽቦ የገባበት መሰኪያ መኖሩን ይመልከት። ይህን ሳይጠይቅ ማጽጃውን ለመጣው ሁሉ የሚሸጥ ባለሱቅ ዛሬ አንድ ቆርቆሮ ሸጦ ነገ አንድ ደንበኛ ያጣል።

አስመጪዎችም በዚህ ረገድ የሚሠሩት አለ። ስም የሌለው ሴንሰር በርካሽ አምጥቶ መደርደር ፈጣን ትርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ልኬቱ የተዛባ አዲስ ዕቃ ከቆሸሸው አሮጌ አይሻልም፤ የወጣበትም ምንዛሪ አይመለስም። አንድ ቆርቆሮ ማጽጃ ለብዙ መኪናዎች የሚበቃ ነው፤ ሻጩ በላዩ ላይ ለየትኛው ሞተር እንደሚሆንና ስንት ደቂቃ መድረቅ እንዳለበት በአማርኛ አጭር ጽሑፍ ቢለጥፍበት ግማሹ ብልሽት ይቀር ነበር። በማዘዝ ረገድ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በግፊት የታሸገ ቆርቆሮ በተባበሩት መንግሥታት የአደገኛ ዕቃዎች ዝርዝር በቁጥር 1950 የተመዘገበ ስለሆነ ሰነዱ ይህንኑ ካላሳየ ጭነቱ በወደብ ሊያዝ ይችላል። ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዳይሞቅም በቆርቆሮው ላይ ይጻፋል። በክረምት ወራት በጅቡቲ ፀሐይ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ውስጡ ከውጭው አየር እጅግ የሚግል በመሆኑ፣ ይህን ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ጭነቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ወደብ እንዲደርስ አድርጎ ቢያዝ ይሻለዋል።