በበርሊን ግንብ ላይ የቀረበው ክስ

ጋሪ ካስፓሮቭ እ.ኤ.አ. በ2000 ለንደን ላይ ከቭላድሚር ክራምኒክ ጋር ሲገጥም፣ ከ1985 ጀምሮ ዘውዱን በግጥሚያ ያልተነጠቀ የቼዝ ሻምፒዮን ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ ነጭ ይዞ ጀመረ። ክራምኒክ የመለሰለት በትልልቅ ግጥሚያዎች አቧራ ጠጥቶ በኖረው የበርሊን መከላከያ፣ «የበርሊን ግንብ» በሚሉት፣ ነው። ገና በስምንተኛው እርምጃ ንግሥቶቹ ተበላሉ። የጥቁሩ ንጉሥ የነጭን ንግሥት ራሱ በልቶ በቦታዋ ቆመ፤ ካስሊንግ አድርጎ ጥግ የመያዝ መብቱንም አጣ። ሁለት ወታደሮቹ አንድ መስመር ላይ ተደራርበዋል። ላየው ሰው የተጎዳው ጥቁር ነው። ካስፓሮቭ ግን በ25 እርምጃ ከአቻ ሌላ አላገኘም፤ በ15ቱ ጨዋታ አንድም ሳያሸንፍ ዘውዱን 8.5 ለ6.5 አስረከበ።

ከዚያ ወዲህ ክሱ አላባራም። ፍልሚያ የሚወዱ ሰዎች፣ ሳይሟሟቅ ንግሥት የወጣበት ጨዋታ ምኑ ይታያል ይላሉ። እኔም ተመልካች ስሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ንግሥቶቹ ሲወጡ ቡናዬን ላፈላ እነሣለሁ። ጠንካራው ማስረጃቸው ግን ክራምኒክ የተጫወተው ሳይሆን የዚሁ መክፈቻ ሌላ መንገድ ነው፦ የነጭ ንግሥት ከሽ ትላለች፣ የጥቁር ንግሥት መሐል ትገባለች፣ ነጯ አንድ ሳጥን ትሸሻለች፣ ጥቁሯም ወደ ነበረችበት ትመለሳለች። ይኸው ሲደጋገም በ14 እርምጃ አቻ! ሁለቱም ቤታቸው ያጠኑትን አሳይተው፣ ተጨባብጠው ይሄዳሉ። አዘጋጆች ተስማምቶ መለያየትን ቢከለክሉም አይረዳም፤ ሦስት ጊዜ የተደጋገመ አሰላለፍ በሕጉ አቻ ነውና።

በጥንቱ የእኛ የሰንጠረዥ ጨዋታ ይህ አይታሰብም ነበር። «ወረራ» በሚባለው መነሻ ተራ መጠበቅ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም የባላጋራቸውን እጅ እያዩ ያሻቸውን ያህል ያንቀሳቅሱ ነበር። እንዲህ ያለውን ማን ይሸመድዳል?

ለዚያ ለ14 እርምጃው ጠበቃ አልቆምም። ክራምኒክን ግን ፈሪ ማለት ግፍ ነው፤ ንጉሡን ሜዳ ላይ አስቀርቶ የተበላሸ የወታደር ሰልፍ የተቀበለ ሰው አልሸሸም። ካስፓሮቭ የሚፈራው በማጥቃቱ ስለነበር፣ ማጥቃት የማይመችበትን መሬት መረጠለት። መሬቱም ቢሆን ደም የማይፈስበት አይደለም። በ2014 ሶቺ ላይ፣ በ11ኛው ጨዋታ፣ ማግነስ ካርልሰንና ቪስዋናታን አናንድ በዚሁ በርሊን ተገናኙ። ጥቁር የያዘው አናንድ በ27ኛው እርምጃ ሩኩን በቢሾፕ አፍ ላይ አስቀመጠው። ካርልሰን በላው፤ በ45ኛው እርምጃ የዓለም ሻምፒዮናው እዚያው አለቀ።